ዘይት የሚያፈስ አሮጌ የናፍጣ መኪና ከመፈታቱ በፊት

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ከሥሩ ዘይት ሲያንጠባጥብ፣ ብዙዎቻችን ጠብታው የወደቀበትን ቦታ ብቻ አይተን በኋለኛው የሞተር ሲል (በሞተሩ የኋላ ጫፍ ዘይት በሚያግደው ቀለበት) ላይ እንፈርዳለን፤ ይሁን እንጂ ዘይት ቁልቁል ስለሚወርድና በጉዞ ጊዜም ነፋስ ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ የሚንጠባጠብበትና የሚያፈስበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ዳገቱን አንድ ጊዜ ያውጡትና፣ በባትሪ እያበሩ ከሁሉ ከፍ ብሎ የረጠበውን ቦታ ይፈልጉ። ምንጩ በሞተሩ አናት ያለው የቫልቭ ክዳን ጋስኬት (ማሸጊያ) ሆኖ ከተገኘ፣ ሲሉን ለመቀየር ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ከማውረድ ተርፈዋል። ሲሉ ተቀይሮም ማፍሰሱ ከቀጠለ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተደፍኖ እንዳይሆን ይመርምሩ፤ የታፈነው ግፊት ዘይቱን በአዲሱም ሲል በኩል ይገፋዋልና።

የዘይት ግፊት ጌጅ (በዳሽቦርዱ ላይ ያለው መለኪያ) ወደ ዜሮ ከወረደ ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ፤ የዘይቱ መጠን ታይቶ፣ በሴንሰሩ (ከሞተሩ ላይ ልኩን ወደ ጌጁ በሚልከው ዕቃ) ቦታም ግፊቱን ያለ ኤሌክትሪክ የሚያሳይ መካኒካል ጌጅ ታስሮ ትክክለኛው ግፊት ሳይታወቅ «ጌጁ ነው» ብሎ መንዳት ሞተር ያስበላል። የሙቀትና የነዳጅ ጌጆች አብረው ሲዋዥቁ ግን ሁለቱ ሴንሰሮች በአንድ ቀን ተበላሹ ማለት ያስቸግራል፤ አስቀድሞ የዳሽቦርዱ የማሳ ሽቦ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው የኔጌቲቭ ሽቦ) እንዳልዛገና እንዳልላላ ይታይ። ባለ አንድ ሽቦው የሙቀት ጌጅ ብቻ ከቆመ፣ ቁልፉን ከፍተው ከሴንሰሩ የነቀሉትን ሽቦ ለቅጽበት ከሞተሩ ብረት ጋር ያነካኩት፤ መርፌው እስከ ዳር ከዘለለ የሚቀየረው ሴንሰሩ ነው።