በመከራ ላለ ሰው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ስንነግር የምንሠራቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስትመሩ ከፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው መከራን በወሬ የሚያውቅ አይደለም። በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ዘመድ የቀበረ አለ። በጅቡቲ በኩል ዓረብ አገር ደርሶ የተመለሰ አለ። ልጁ በዚያው መንገድ ከወጣ ጀምሮ ስልክ የሚጠብቅም አለ። እነዚህ ሰዎች ዮሴፍንም ኢዮብንም ከልጅነታቸው ያውቋቸዋል። ታሪኩን በምንነግርበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ አፋቸውን እናስይዛቸዋለን። የኛ ቡድን ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ይገናኛል። የምጽፈው እዚያና በየለቅሶ ቤቱ የማየውን ነው።

ከጉድጓዱ ወደ ቤተ መንግሥት መዝለል

የዮሴፍ ታሪክ ሲተረክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ወንድሞቹ ሸጡት፣ ታሰረ፣ ሕልም ፈታ፣ ሹም ሆነ። ከዚያ «እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ተብሎ ይነበብና በጸሎት ይዘጋል።

እስቲ ዓመቶቹን እንቁጠራቸው። ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞልቶታል። ያቺን ቃል የተናገረው ግን ያኔም አይደለም። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው፣ ረሃቡ ገብቶ፣ ያዕቆብ ግብፅ ወርዶ 17 ዓመት ኖሮ ከሞተ በኋላ ነው። ከተሸጠበት ቀን ሲቆጠር ወደ 40 ዓመት ይጠጋል። እኛ ደግሞ ባለፈው ወር የተመለሰች ልጅ ዛሬ ማታ ያንኑ እንድትል እንፈልጋለን።

አንድ ማታ ይህን ታሪክ ስናነብ ከሳዑዲ የተመለሰች እህት አቋረጠችን። «ቆይ አቦ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲከቱት ዝም አለ እንዴ? አልጮኸም?» አለች። ሁላችንም ወደ ዘፍጥረት 37 ተመለስን። እውነትም የዮሴፍ ድምፅ የለም። ወንድሞቹ እንጀራ ሊበሉ ተቀመጡ ነው የሚለው። ገጹን ስናገላብጥ ጩኸቱን ምዕራፍ 42 ላይ አገኘነው፤ ያውም ከወንድሞቹ አፍ። እየለመናቸው፣ ነፍሱ ስትጨነቅ እያዩ እንዳልሰሙት እርስ በርሳቸው ይናዘዛሉ። ከ20 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ልጅቷ ስለ ራሷ ማውራት የጀመረችው ያን ማታ ነው። ከዚያ በፊት ስለ ዓረብ አገር ስትጠየቅ «ተመስገን፣ ደህና ነው» ብላ ታልፍ ነበር።

ስለዚህ መሃሉን አትዝለሉት። ዮሴፍ ሹም ሆኖም ደጋግሞ ያለቅሳል፤ እሱንም አንብቡት።

ኢዮብን ለቅሶ ቤት ይዞ መሄድ

ይህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ የምናገርበት ነው፤ ምክንያቱም ሁላችንም እናደርገዋለን። ድንኳን ገብተን ልጁን የቀበረውን አባት «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ፤ እንደ ኢዮብ ጠንከር በል» እንለዋለን። ቃሉ እውነት ነው። ግን የተናገረው ኢዮብ ራሱ ነው፤ ስለ ገዛ ልጆቹ። ማንም ከውጭ መጥቶ አላለውም። አባትየው ራሱ ሲለው አብረን አሜን እንበል። እስከዚያው ግን ከአፉ ቀድመን አንንጠቀው።

ደግሞም ያው ኢዮብ ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» ስንል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ይዘን ነው። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው፤ አብዛኛው ሙግትና እሮሮ ነው።

ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ላይ ለቅሶ መድረስ ያውቁበት ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የሚናገሩት ስብከት ለብቻው ቢነበብ ምንም አይወጣለትም፤ እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ክፉን ይቀጣል፣ ተመለስ ይምርሃል ነው የሚሉት። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። ቅን ነገር ተናገረ ያለው ሲሟገተው የቆየውን ኢዮብን ነው። እግዚአብሔር ከምዕራፍ 38 ጀምሮ ሲናገርም መከራው ለምን እንደመጣ ለኢዮብ አይነግረውም። ለኢዮብ ያልተነገረውን ምክንያት እኛ ለጎረቤታችን ዘርዝረን ስናቀርብ ከየት አምጥተነው ነው?

ስለ «እጥፍ ክፍያ»ም አንድ ነገር። በመጽሐፉ መጨረሻ 3,000 ግመል 6,000 ይሆናል፤ 7,000 በግ 14,000 ይሆናል። ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው ሰባት ወንድና ሦስት ሴት ናቸው። እጥፍ አልሆኑም። ለምን እንደሆነ ጸሐፊው አይነግረንም። እኔ ግን ልጅ እንደ ግመል አይተካምና ነው ብዬ አነበዋለሁ። ልጅ ለሞተበት ሰው «እጥፍ ይከፍልሃል» ከማለታችሁ በፊት ይህን ቁጥር እዩት።

ጥፋተኛ መፈለግ

ጎርፍ በመጣ ቁጥር የኖኅን ዘመን የሚጠቅስ አይጠፋም። በሐምሌ 1998 ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ሌሊት ሰው በተኛበት ከ200 በላይ ነፍስ ሲያጠፋ ቀድሞ የተወሰደው ወንዙ ዳር የሰፈረው ነው። ከሌላው ሰፈር ይልቅ ኃጢአተኛ ስለነበረ ነው?

ጌታ ራሱ ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች ያነሣና በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ይላል። መልሱ «አይደለም» ነው። ቀጥሎ ስለ ንስሐ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ቆመው ለሚሰሙት እንጂ ስለ ሟቾቹ አይደለም። ዮሐንስ 9 ላይ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅም እንዲሁ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ይላል።

የዳኑትን ብቻ መተረክ

ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ከተማችን በቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ ትጥለቀለቃለች። የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ፣ እሳቱና መልአኩ፣ በየአፉ ነው። ሦስቱ ወጣቶች እቶን ከመግባታቸው በፊት ለንጉሡ ያሉትን ግን ብዙ ሰው አያስታውስም። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነን እንኳ ለምስሉ አንሰግድም ነው ያሉት። ትምህርቱ ከዚያ ዐረፍተ ነገር ይጀምር።

የሐዋርያት ሥራ 12ንም አብራችሁ አንብቡ። ሄሮድስ ሐዋርያውን ያዕቆብን በሰይፍ ያስገድላል፤ በዚያው ምዕራፍ ጴጥሮስን መልአክ ከእስር ያወጣዋል። ያዕቆብ እምነት ጎድሎት ነው የሚል መቼም የለም። ጸልዮ ላልዳነው በሽተኛ ግን ይህንኑ ስንት ጊዜ በተዘዋዋሪ ብለነዋል?

ታሪኩን ማሰሪያ ማድረግ

ባሏ የሚደበድባትን ሴት «መስቀልሽን ተሸከሚ» ማለት ያስቆጣኛል። ዳዊት ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ሸሽቷል። ጳውሎስ በቅርጫት ሆኖ ከደማስቆ ቅጥር ወርዷል። ማርያምና ዮሴፍ ሕፃኑን ይዘው ግብፅ ተሰደዋል። ማምለጥ እምነት ማጣት የሆነው መቼ ነው?

ከተመለሰ ጀምሮ እንቅልፍ ላጣ፣ መሞት ለሚመኝ ሰው ደግሞ ኤልያስን አስታውሱ። ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልሰበከለትም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፣ ተቀስቅሶም ደግሞ በላ። ያን ሰው ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጸሎቱንም አትተዉ።

አዲስ ቡድንን በኢዮብ መጀመር

ሰው መከራ ላይ ነው ሲባል ሁሉም ኢዮብን ያወጣል። ለጀማሪ ቡድን ይከብዳል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰው መቅረት ይጀምራል። መጽሐፈ ሩት አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ካነበባችሁ በአንድ ወር ያልቃል። ረሃብ አለበት፣ ስደት አለበት፣ ሦስት መበለቶች አሉበት። ኑኃሚን ባዶ እጇን ወደ አገሯ ስትመለስ እግዚአብሔር አስመርሮኛልና ማራ በሉኝ ትላለች፤ ተው፣ እንዲህ አይባልም ብሎ የሚገሥጻት የለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያልቀው እዚያው ምሬቷ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ማታ እዚያው ላይ አቁሙ፤ ቦዔዝን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆዩት።