የካናዳን የበረዶ ሜዳ በትሪ ላይ እንዴት እንሠራለን?

እኛ ባሕር ዳር ሰዎች በረዶ ስንል ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ወድቆ ሳይውል ይቀልጣል። ለዚህም ነው ልጅን «በረዶ እንደ ወንዝ ይፈሳል» ብትሉት የማያምናችሁ። በትሪ ላይ ሠርቶ ማየት ግን ይገባዋል።

የምንሠራው ካናዳ ውስጥ ያለውን የኮሎምቢያ የበረዶ ሜዳ ነው። ስፋቱ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከ3,000 በላይ ስለሆነ በስፋት አይደርስበትም። ውሃው ግን ሦስት ውቅያኖስ ይገባል።

መጀመሪያ ዋልካ አምጡና በጭድ እንደ ቤት ምርጊት አቡኩት። ያለ ጭድ ሲደርቅ ይሰነጠቅባችኋል። ሰፊ ትሪ መሐል ላይ ጉብታ ሥሩ፤ አናቱን እንደ ሳህን ጎድጎድ አድርጉት። ዙሪያውን ተራራ ትከሉ፣ በተራሮቹ መካከል ሦስት በር ተዉ፣ ከየበሩ ቁልቁል ሸለቆ አውጡ። ቅርጹን በደንብ ሥሩት። የበረዶ ሜዳ ማለት ከፍታ ላይ ያለ ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ በበረዶ ሞልቶ በየበሩ ሲፈስ ነው። ሲደርቅ ፌስታል አልብሱት፣ በየሸለቆው ጫፍ አንድ አንድ ሲኒ አስቀምጡ።

ቀጥሎ የስንዴ ዱቄት በጥብጡ። ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከዳቦ ሊጥ ቀጠን ይበል። በጭልፋ አናቱ ላይ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። እዚያም በየዓመቱ የሚወርደው በረዶ በላይ በላዩ ይከመራል። የታችኛው በክብደት ተጨምቆ ይጠጥርና ቁልቁል መፍሰስ ይጀምራል። ግግር በረዶ የምንለው ይህንን ነው።

ሊጡ ሸለቆው ውስጥ ሲገባ ፈጠን በሉና ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ የበርበሬ መስመር አስምሩበት። ከዚያ ዝም ብላችሁ እዩ። መስመሩ ቀስ በቀስ እንደ ደጋን ይጎብጣል። መሐሉ ይቀድማል፣ ዳርና ዳሩን ግድግዳው ይይዘዋል። እውነተኛው ግግርም የሚሄደው እንደዚሁ ነው። እኔ ስንቴም ባየው አልጠግበውም። ካልተንቀሳቀሰ ሊጡ ወፍሯል፤ ጠብታ ውሃ ጨምሩ።

አሁን ፌስታሉን ከነሊጡ አንስታችሁ ሌላ አልብሱ። የፍሪጅ በረዶ ደቁሳችሁ ሜዳውንም ሸለቆዎቹንም ሙሉና ፀሐይ ላይ አውጡት። አንደኛው ሸለቆ የአታባስካ ግግር ነው፤ ውሃው በአታባስካ ወንዝ ሄዶ፣ በማኬንዚ አድርጎ አርክቲክ ውቅያኖስ ይገባል። የሳስካቸዋን ግግር ውሃ በሃድሰን ወሽመጥ በኩል ወደ አትላንቲክ ነው። በምዕራብ የሚወርደው ደግሞ በኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ። ሲኒዎቹን በእነዚህ ስም ጥሩ።

በረዶው መሸሽ ሲጀምር ልጁ በየአሥር ደቂቃው ጫፉ የደረሰበት ላይ ስንጥር ይትከል። የአታባስካ ግግር ጫፍ ባለፉት 125 ዓመታት ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል። በሸሸበት ጠጠር ላይ ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ምልክቶች ተተክለዋል፤ ጎብኚው በእነሱ መሐል እየሄደ ነው በረዶው ጋ የሚደርሰው።