ማንቲስ ሽሪምፕ ባለበት የጨው ውኃ ገንዳ አልጌ ሲበዛ፦ ችግሩና መፍትሄው

አልጌ ለበዛበት የጨው ውኃ ገንዳ የተለመደው ምክር ቀንድ አውጣና ትንንሽ ሸርጣን መጨመር ነው። ማንቲስ ሽሪምፕ (አዳኝ የሆነ ቅርፊት ለበስ የባሕር እንስሳ) ባለበት ገንዳ ግን ይህ ምክር ችግሩን ያባብሰዋል። በተለይ እንደ ፒኮክ ማንቲስ ያሉት በክንዳቸው የሚመቱ ዝርያዎች ኑሯቸው ቅርፊት ሰብሮ መብላት ነው። አልጌ እንዲበላ የገባው ቀንድ አውጣ ራሱ ይበላል፤ የተረፈው ሥጋም በስብሶ አልጌውን ይመግባል። ስለዚህ ጽዳቱ ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ ሥራ ነው።

አረንጓዴ ፀጉር መሰል አልጌ ድንጋዩን ሲያለብስ

ብዙውን ሰው የሚያስመርረው ይህ ነው። መንስኤው ናይትሬትና ፎስፌት (ከምግብ ትርፍራፊና ከቆሻሻ የሚመጡ፣ አልጌን የሚመግቡ ንጥረ ነገሮች) ከብርሃን ጋር መገናኘታቸው ነው። የውኃ መመርመሪያው ዜሮ ቢያሳይ አይዘናጉ፤ አልጌው ንጥረ ነገሩን ወዲያው ስለሚወስደው በውኃው ውስጥ የሚለካ ነገር ላይቀር ይችላል።

እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምመለከተው ማንቲሱ የሚኖርበትን ጉድጓድ አፍ ነው። ማንቲስ ምግቡን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የሽሪምፕ ጭንቅላት፣ የሸርጣን እግርና የቅርፊት ስብርባሪ ከነሥጋው እዚያው ይከማቻል። በእጅ ባትሪ ብርሃን ሲታይ ነጭ ሻጋታ የለበሰ ቁራሽ ከተገኘ የአልጌው ምንጭ ተገኘ ማለት ነው። መኖውን ያሳንሱ፤ የተረፈውን በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት በረጅም መቆንጠጫ ያውጡ። እጅዎን አያስገቡ፤ ምቱ ጣት ይሰነጥቃል።

ከዚያ አልጌውን በመቆንጠጫ እየነቀሉ፣ ብጥስጣሹ ሳይበተን በቱቦ እየሳቡ ያስወግዱ። በየሳምንቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ውኃ ይቀይሩ። ብርሃኑንም ይቀንሱ፤ ገንዳው ኮራል ከሌለበት ደብዛዛ ብርሃን በቀን 6 ሰዓት ይበቃል፤ ለፒኮክ ማንቲስም የሚስማማው ይኸው ነው። ከገንዳው ጋር በቱቦ የተገናኘ ሌላ ትንሽ ገንዳ ካለ ኬቶሞርፋ የተባለውን የባሕር አልጌ እዚያ ማሳደግ እጅግ ይረዳል። ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ይሻማል፤ ማንቲሱም አይደርስበትም።

ቀይ ልሙጥ ሽፋን አሸዋውን ሲጋርድ

ይህ በእውነቱ አልጌ ሳይሆን ሳይያኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ ተክል በብርሃን የሚያድግ ባክቴሪያ ነው። ሲነሳ እንደ ቆዳ ተገፎ ይወጣል፤ በላዩም የአየር አረፋ ይታያል። ውኃ በማይንቀሳቀስበትና ቆሻሻ በሚተኛበት ጥግ ይበዛል። በቱቦ ይሳቡት፤ የውኃ ማንቀሳቀሻውን ፓምፕ ወደዚያ ጥግ ያዙሩ፤ ነገር ግን ፍሰቱን በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አፍ አያነጣጥሩ።

ቡናማ ዱቄት መስታወቱን ሲሸፍን

ገንዳው አዲስ ከሆነ ዳያተም የተባለ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ክምችት ነው፤ በትዕግሥት ይጠብቁት፣ በሳምንታት ውስጥ ይከስማል። በቆየ ገንዳ ከታየ ግን የሚሞላው ውኃ ዳያተም የሚያድግበትን ሲሊኬት የተባለ ማዕድን ይዞ እየገባ ይሆናልና የውኃ ማጣሪያውን ይፈትሹ። መስታወቱን ከውጭ በሚንቀሳቀስ የማግኔት መጥረጊያ ያጽዱ።

አልጌው በራሱ በእንስሳው ቅርፊት ላይ ሲበቅል

ያደገ ማንቲስ ቅርፊቱን የሚቀይረው አልፎ አልፎ ስለሆነ ስስ አልጌ ሊይዝበት ይችላል። አይፈግፍጉት፤ ቅርፊቱን ሲቀይር አብሮ ይወልቃል። እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ወይም የተቦረቦረ ነጠብጣብ ካዩ ግን ጉዳዩ አልጌ ሳይሆን የቅርፊት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የውኃውን ጥራት ወዲያው ይመርምሩ።

ስለ ኬሚካል

መዳብ ያለበትን የአልጌ ማጥፊያ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ቅርፊት ለበስ እንስሳትን ይገድላል። ማንቲሱ ጉድጓዱን ዘግቶ ምግብ ካቆመ ደግሞ ምናልባት ቅርፊቱን እየቀየረ ነውና ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ትልቅ ጽዳት አይጀምሩ። ወጥቶ መብላት እስኪጀምርና አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ድረስ ብርሃኑን ቀንሶ መጠበቅ ይሻላል።