የኤፕስቲንን ፋይሎች እንዴት እናንብብ?

ቴሌግራም ላይ የአንድ ገጽ ፎቶ ይመጣል። አንድ ስም በቀይ ተከቧል፣ ከሥሩ «በቃ ተጋለጠ!» ተብሎ ተጽፏል። ገጹ ከየትኛው ሰነድ እንደተቆረጠ፣ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ ምንም የለም። እኛም ተቀባብለን እናሰራጨዋለን። የጄፍሪ ኤፕስቲን ፋይሎች ብዙ ጊዜ የሚነበቡት እንዲህ ነው። ኤፕስቲን ልጃገረዶችን በወሲብ በመበደል የተከሰሰ አሜሪካዊ ባለጸጋ ነበር፤ ፋይሎቹም በእሱ ጉዳይ የተሰበሰቡ የምርመራና የፍርድ ቤት ሰነዶች ናቸው። በዚህ የሚጎዱት ደግሞ በልጅነታቸው ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ስማቸው ገጽ ላይ ስለተገኘ ብቻ የሚወነጀሉ ሰዎች ናቸው። የሚያተርፉት በእውነት መጠየቅ ያለባቸው ናቸው፤ ወሬው ሲበዛ ማስረጃው እዚያው ውስጥ ይቀበራላ።

ስለዚህ ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ቀኖቹን ያዙ። (ሁሉም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኤፕስቲን ቤት የነበረው በፍሎሪዳዋ ፓልም ቢች ከተማ ነው፤ የከተማዋ ፖሊስ ምርመራ የጀመረው በ2005፣ የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ቤተሰብ አቤት ብሎ ነው። በ2007 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ፣ ለተጎጂዎቹ ሳይነገራቸው፣ በፌዴራል ደረጃ ላለመክሰስ ከኤፕስቲን ጋር ተስማማ። በ2008 ፍሎሪዳ ውስጥ ጥፋቱን አምኖ 18 ወር ተፈረደበት፤ 13 ወር ያህል ታስሮ ወጣ፣ ያውም በቀን ወደ ቢሮ እየሄደ እንዲሠራ ተፈቅዶለት። በጁላይ 2019 እንደገና ተያዘ፣ ኦገስት 10 ማንሃተን እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ የኒውዮርክ የአስከሬን መርማሪ ራሱን ሰቅሎ ነው ብላ ደምድማለች። የኤፕስቲን ተባባሪ የነበረችው ጊዝሌን ማክስዌል በዲሴምበር 2021 ጥፋተኛ ተባለች፣ በ2022 ደግሞ 20 ዓመት ተፈረደባት።

ቀን ይህን ያህል ለምን አስፈለገ? አንድ ሰው በ2003 ለኤፕስቲን የጻፈው ኢሜይልና በ2012 የጻፈው ኢሜይል እኩል አይደሉም። ከ2008 በኋላ የጻፈው ሰው፣ በልጆች ጉዳይ ከተፈረደበት ሰው ጋር እንደሚጻጻፍ የማወቅ ዕድል ነበረው፤ ዜናው አደባባይ ወጥቶ ነበር። ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ግን ጥያቄ ለማንሳት በቂ ነው። ለእኔ ከፋይሎቹ ውስጥ ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፦ እያወቁ ለምን ቀጠሉ?

ሰነዱን ከምንጩ አውርዱ። በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ፋይሎቹ ይፋ እንዲሆኑ የሚያዘውን ሕግ 427 ለ1 አጸደቀ፣ ፕሬዚዳንቱም ፈረሙበት። የፍትሕ ሚኒስቴሩ በዲሴምበር 19 መልቀቅ ጀመረ፣ በጃንዋሪ 30 ቀን 2026 ደግሞ ከ3 ሚሊዮን በላይ ገጾች ጨመረ። ድረ ገጹ ላይ መፈለጊያ ሳጥን አለ፤ ስም ጽፎ ምንም አለማግኘት ግን ስሙ የለም ማለት አይደለም፣ በእጅ የተጻፈውንና ደብዛዛውን መፈለጊያው በቅጡ አያነበውም። ስም በተገኘ ቁጥርም ያው አንድ ኢሜይል አሥር ቦታ ተደጋግሞ ሊሆን ይችላል። «ስሙ ይህን ያህል ጊዜ ተጠቅሷል» የሚለውን ቆጠራ እርሱት።

በየገጹ ግርጌ «ኢ ኤፍ ቲ ኤ» በሚሉ አራት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ተከታታይ ቁጥር አለ። ያቺን ቁጥር ጻፏት። ቁጥሯ ካለች ማንም ሰው ገጹን ራሱ አግኝቶ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ማንበብ ይችላል። ቁጥሯ ተቆርጣ የመጣች ፎቶ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

አሁን ዋናው ነገር። እያንዳንዱን ወረቀት ከማመናችሁ በፊት «ይህ ምን ዓይነት ሰነድ ነው?» በሉ። ማክስዌል ስትዳኝ ምስክሮች በመሐላ ተናግረዋል፣ የተከሳሿ ጠበቆችም መስቀለኛ ጥያቄ ጠይቀዋቸዋል፤ ይህ ትልቅ ክብደት አለው። የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) መርማሪ ያጠናቀረው የቃለ መጠይቅ ማስታወሻ ደግሞ ሰውየው ያለውን ይነግረናል፣ ያለው መረጋገጡን ግን አይነግረንም። ከዚያ ዝቅ ስንል ከሕዝብ በስልክና በኢንተርኔት የመጣ ጥቆማ አለ። ማንም ደውሎ ማንንም መክሰስ ይችላል፤ ሚኒስቴሩ ራሱ ከሕዝብ የተላከው ሁሉ አብሮ ስለወጣ ሐሰተኛ ነገር ሊኖርበት እንደሚችል አስታውቋል። የስልክ ማውጫ የሚያሳየው ኤፕስቲን የሰውየውን ቁጥር መያዙን ነው። የበረራ መዝገብ የሚያሳየው ማን ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ ነው፣ ካረፉ በኋላ የሆነውን አይደለም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በጃንዋሪ 2024፣ ዳኛ ሎሬታ ፕሬስካ ባዘዙት መሠረት ማክስዌል የተከሰሰችበት የፍትሐ ብሔር መዝገብ ሲከፈት፣ ገና ከመውጣቱ «የደንበኞች ዝርዝር»፣ ማለትም ኤፕስቲን ልጃገረዶችን ያቀረበላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር፣ ተባለ። ውስጡ ግን የክርክር ወረቀት ነው። አንዲት ምስክር ታዋቂ ሰው አግኝታ እንደሆነ ትጠየቃለች። ማይክል ጃክሰንን በኤፕስቲን የፓልም ቢች ቤት እንዳገኘችው ትናገራለች። ማሳጅ አድርጋለት እንደሆነ ትጠየቃለች። አላደረግሁም ትላለች። አለቀ። ስሙ ብቻ ተቆርጦ ሲዞር ግን ያቺ «አላደረግሁም» የለችበትም።

ሁለተኛ ምሳሌ። በዲሴምበር 2025 ከወጡት ውስጥ ኤፕስቲን ለላሪ ናሳር፣ ለዚያ በወሲብ ጥቃት ለተፈረደበት የጂምናስቲክ ሐኪም፣ ጻፈው የተባለ ደብዳቤ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ፖስታውን አይቶ ለመጠርጠር ግን መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ማኅተሙ የተመታው ኤፕስቲን ከሞተ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የተመታውም ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፣ ሰውየው የታሰረው ኒውዮርክ ሆኖ ሳለ። የላኪ አድራሻው ላይ የታሰረበት እስር ቤት ስምም የእስረኛ ቁጥርም የለም። ሚኒስቴሩም ብዙም ሳይቆይ ሐሰት ነው አለ። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ መገኘቱ የሚያረጋግጠው ወረቀቱ መዝገብ ውስጥ መኖሩን ብቻ ነው።

ኢሜይሎቹን ስታነቡ ከታች ወደ ላይ ሂዱ፣ የመጀመሪያው መልእክት ከታች ነውና። በየቃሉ መሐል የምታዩት የእኩል ይሆናል ምልክትም (=) ምስጢራዊ ኮድ አይደለም፤ ፋይሉ ሲገለበጥ የቀረ የኮምፒውተር ቅሪት ነው።

በጥቁር የተሸፈነውስ? ሕጉ የተጎጂዎችን ማንነትና የልጆችን ምስል መሸፈንን ይፈቅዳል፤ አንድን ባለሥልጣን ወይም ባለ ስም ሰው ከኀፍረት ለማዳን መሸፈንን ግን ይከለክላል። ስለዚህ «ይህ ለምን ተሸፈነ?» ብሎ መጠየቅ፣ መጮህም ቢሆን፣ መብት ነው። ጥቁሩን ገልጦ ለማየት መሞከር ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ሰነድ ላይ ጽሑፉ ከጥቁሩ ሥር በቀላሉ ይገለበጥ ነበር፣ የጃንዋሪው ሲወጣ ደግሞ የተጎጂዎች ስም ሳይሸፈን ቀርቶ ሚኒስቴሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰነዶችን መልሶ አንሥቷል። እነዚህ ሴቶች ዓመታት ሙሉ ሰሚ ያጡ ናቸው። ስማቸውን መቼና የት እንደሚናገሩ የመወሰን መብት የእነሱ ነው። በአደባባይ የተናገረችውን በተናገረችው ልክ ጥቀሱ፤ ዝም ያለችውን በዕድሜዋ፣ በከተማዋ ወይም በትምህርት ቤቷ እየገጣጠማችሁ አትፈልጓት።

ይዘቱም ከባድ ነው፤ ሌሊት ብቻችሁን ሆናችሁ አታንብቡት። በተለይ እንዲህ ያለ ነገር በራሳችሁ ላይ ደርሶ ከነበረ፣ የምታምኑት ሰው አጠገባችሁ ይኑር፣ መተውም ይቻላል።

የምታጋሩት ነገር ካለ ሙሉ ገጹን ከነቁጥሩ አጋሩ፣ ከላዩም የሰነዱን ዓይነትና ቀን ጻፉ። «ያልተረጋገጠ የሕዝብ ጥቆማ፣ 2020» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ነው። ያልተሸፈነ የተጎጂ ስም ካገኛችሁ ደግሞ «ተመልከቱ፣ ረስተውታል» ብላችሁ እንኳን አትለጥፉት፤ ሚኒስቴሩ ለዚህ ያዘጋጀው የኢሜይል አድራሻ ድረ ገጹ ላይ አለ፣ የገጹን ቁጥር ብቻ ላኩላቸው።