የአርኬድ የመኪና ውድድር ጌም ለቤት ኮንሶል ሊወጣ ነው ሲባል፦ ከመክፈላችሁ በፊት እንዴት ትመረምሩታላችሁ?

ጌሙን የምታውቁት በሳንቲም ከሚሠራው የአርኬድ ማሽን ከሆነ፣ የቤቱን ቅጂ ስትመዝኑ ከስዕሉ ውበት በፊት ፍጥነቱን እዩ። ስዕሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይቀየራል? መንገዱ ከምን ያህል ርቀት ይታያል? መሪውን ስታዞሩ መኪናው ከስንት ጊዜ በኋላ ይታዘዛል? ሦስቱም ትሬለር ላይ በቀላሉ ይደበቃሉ። ሆኖም ሁለቱን በኮምፒውተር፣ ሦስተኛውን ደግሞ ጌሙ ባለበት ቦታ በስልክ መለካት ትችላላችሁ።

በቤት ቅጂዎች ላይ ያለው ጥርጣሬ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሴጋን የውድድር ጌም ዴይቶና ዩኤስኤን ማየት ይበቃል። አርኬዱ ሞዴል 2 በተባለው የሴጋ ቦርድ ላይ በሰከንድ ወደ 60 ፍሬም (ስዕል) ይሄዳል። በጀማሪው መንገድ እስከ 40 መኪና ይሰለፋል፣ መሪው እጅ ላይ ይታገላል፣ ማርሹ ባለ አራት ነው፣ ማሽኖቹ በኬብል ሲያያዙ ደግሞ እስከ ስምንት ሰው ይወዳደራል። ያው ጌም በ1995 (እ.ኤ.አ.) ለሴጋ ሳተርን ኮንሶል ሲወጣ ወደ 20 ፍሬም ወረደ። ተራራውና ግንቡ ከመኪናው ፊት ድንገት መብቀል ጀመሩ፤ ሁለት ሰው አብሮ የሚጫወትበት አማራጭም ጭራሽ አልነበረውም። የመኪናው አያያዝና ሙዚቃው ስለተረፉ ዛሬም የሚወዱት አሉ፣ አይፈረድባቸውም። አርኬዱን ለምዶ ዲስኩን የገዛ ሰው ግን የተናደደው በምክንያት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ለዚያው ሳተርን፣ ከዚያው ሞዴል 2 ቦርድ ሴጋ ራሊ የተባለ ሌላ የውድድር ጌም መጣ። 30 ፍሬም ይዞ፣ ስክሪኑን ለሁለት ሰው ከፍሎ፣ አርኬዱ ላይ ያልነበረ ከራስ ጥላ ጋር የመሽቀዳደሚያ ሞድ ጨምሮ። ኮንሶሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሰጠው ጊዜና የአዘጋጆቹ ልምድ ነው። ዴይቶና ለአዲሱ ኮንሶል መሸጫ ሆኖ መድረስ ነበረበት። ሴጋ ሳተርንን አሜሪካ ውስጥ ለሴፕቴምበር ቀጥሮ ሳለ በሜይ 11 ድንገት ገበያ ሲያወጣው ዴይቶናም አብሮ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ታዲያ ከኮንሶሉ ጋር እኩል ቀን የሚወጣ ጌም ሁሉ ጥድፊያ የበላው ነው? እንዲህ ማለትም አያስኬድም። የናምኮው የውድድር ጌም ሪጅ ሬሰር ዲሴምበር 3 ቀን 1994 ከመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጋር ጃፓን ውስጥ ወጣ። ከአርኬዱ 60 ፍሬም ወደ 30 ቢወርድም አይንገዳገድም ነበር። ጌሙ ሙሉ በሙሉ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚገባ ዲስኩን አውጥቶ የራስን የሙዚቃ ሲዲ ከትቶ በዚያ ዘፈን መንዳት እንኳ ይቻል ነበር። ስለዚህ ቀኑ እንድትጠረጥሩ ያደርጋችሁ እንጂ ፍርድ አይሰጣችሁም። ፍርዱ ከቪዲዮው ይገኛል።

ፍሬም መቁጠር

በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 83 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጌሙ 60 ፍሬም ከሆነ ከአንዱ ስዕል እስከ ሌላው 1.4 ሜትር፣ 30 ከሆነ 2.8 ሜትር፣ 20 ከሆነ 4.2 ሜትር ይዘላል። በ20 ፍሬም ኩርባ መግቢያ ላይ መሪ የምትጠመዝዙት የመኪና ርዝመት ያህል እየዘለላችሁ ነው። የድሮው ዴይቶና የሚያስቸግረው ግራፊክሱ ስላረጀ ሳይሆን በዚህ ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ጌሙን ሰው ሲጫወተው የሚያሳይ፣ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ በኮምፒውተር ክፈቱ። ጥራቱን 720 ወይም 1080 ሆኖ ከጎኑ 60 የተጻፈበት ላይ አድርጉ። ይህ 60 ከሌለ ተዉት፤ በ30 የተጫነ ቪዲዮ የ60ውን ጌምም የ30ውንም አንድ አስመስሎ ነው የሚያሳያችሁ። መኪናው በፍጥነት እየሄደ የመንገዱ ነጭ መስመር ወይም የአጥሩ ምሰሶ በቅርብ በሚያልፍበት ቦታ አቁሙት። ከዚያ የነጥብ ቁልፍን አንድ በአንድ 30 ጊዜ ተጫኑ፤ እያንዳንዱ ጭነት አንድ ፍሬም ወደፊት ይወስዳል፣ የኮማ ቁልፍ ደግሞ ወደኋላ ይመልሳል። ካልሠራ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ ይሆናል፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

እነዚህ 30 ጭነቶች ግማሽ ሰከንድ ናቸው፤ በእነሱ ውስጥ ምሰሶው ስንት ጊዜ ቦታ ለወጠ? ወደ 30 ጊዜ ከሆነ ጌሙ 60 ፍሬም ነው። 15 ጊዜ ከሆነ 30፣ 10 ጊዜ ከሆነ 20። ለውጡ አንዴ በአንድ ጭነት፣ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በሦስት ከመጣ ፍሬሙ ይዋዥቃል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ከማይነቃነቅ 30 የባሰ ነው፣ እጅ ሊለምደው አይችልም።

አንድ ቦታ ቆጥራችሁ አትተዉት። ባዶ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ማንም ጌም 60 ይመስላል። የሚፈተነው ሁሉም መኪኖች ተፋፍገው በሚነሱበት የመጀመሪያ ኩርባ፣ ግጭትና አቧራ ባለበት፣ ከዋሻ ወጥቶ ከተማው በአንዴ በሚታይበት ቦታ ነው። ስክሪን ተከፍሎ ሁለት ወይም አራት ሰው ሲጫወት ለብቻው ቁጠሩት። ከወንድም እህቶቻችሁ ጋር ለመጫወት ከሆነ የምትገዙት፣ ያንን ቪዲዮ ሳታገኙ አትክፈሉ። የውድድሩን ሪፕሌይ (ካለቀ በኋላ ተመልሶ የሚታየውን) ግን አትቁጠሩ፤ ብዙ ጌሞች ሪፕሌይ ላይ ሆን ብለው ፍሬም ይቀንሳሉ።

ቪዲዮው ራሱ ከየት እንደተቀዳም እዩ። ጥግ ላይ የክሬዲት ቁጥር ወይም ሳንቲም አስገቡ የሚል ጽሑፍ ከታየ የአርኬዱ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ከታች በደቃቁ ከኮምፒውተር ቅጂ የተወሰደ የሚል ካለበት ለእናንተ ኮንሶል ማስረጃ አይሆንም። ማሽኑ ራሱ የሚለውም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። ክሩዝን ዩኤስኤ የተባለው የውድድር ጌም በ1994 አርኬድ ላይ ሲወጣ ገና ያልተወለደው የኒንቴንዶ ኮንሶል፣ ያኔ አልትራ 64 ይባል የነበረው፣ ኃይል ያንቀሳቅሰዋል እየተባለ ነበር። ቦርዱ ግን የአርኬድ አምራቹ የሚድዌይ የራሱ ነበር። በ1996 መጨረሻ ለኒንቴንዶ 64 የወጣው ቅጂ ከአርኬዱ አንሶ ሲገኝ የደነገጡት ያንን ማስታወቂያ ያመኑት ናቸው።

መንገዱ ከየት ይበቅላል?

በዚያው ቪዲዮ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ምረጡ፤ ድልድይ፣ ሕንፃ ወይም የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሁን። መጀመሪያ ከታየበት ፍሬም አንስቶ መኪናው እስከሚያልፈው ድረስ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ያዙ። ከሁለት ሰከንድ በታች ከሆነ የምትነዱት በዓይናችሁ ሳይሆን መንገዱን በቃል ይዛችሁ ነው። ዛሬ በፕሌይስቴሽን 5 ወይም በኤክስቦክስ ይህ ችግር እምብዛም አይታይም፣ ደከም ባለ ኮንሶል ወይም ስክሪን ሲከፈል ግን ይመለሳል።

መሪው

አርኬድ ላይ ግማሹ ደስታ መሪውና ፔዳሉ ነው። ቤት ሲመጣ በጆይስቲክ ይተካል፤ ስለዚህ ጆይስቲኩ ምን ማድረግ እንደሚችል እወቁ። የሳተርን የመጀመሪያው ጆይስቲክ ግራና ቀኝ የሚል ቁልፍ ብቻ ነበረው፣ በትንሹ ማዞር የሚባል አያውቅም። በዚህ የተነሳ መሪ ለብቻው ይሸጥ ነበር። ናምኮ ደግሞ ለፕሌይስቴሽን ኔግኮን የተባለ፣ መሃሉ ላይ የሚጠመዘዝ ጆይስቲክ አወጣ፤ ሪጅ ሬሰር በዚያ ሲነዳ ሌላ ጌም ነው የሚመስለው።

የዛሬዎቹን ስንወስድ፣ በፕሌይስቴሽንና በኤክስቦክስ ጆይስቲክ ነዳጅና ፍሬን የምትሰጡባቸው የኋላ ቁልፎች ምን ያህል እንደተጫኑ ያውቃሉ። የኒንቴንዶ ስዊችና ስዊች 2 ጆይኮን ላይ ያሉት ግን ወይ ተጭነዋል ወይ አልተጫኑም። ይህ ጌሙን ይገድላል? እንደ ጌሙ ነው። ሪጅ ሬሰር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ነው የሚረገጠው። ድሪፍት (ኩርባ ላይ እየተንሸራተቱ መዞር) የሚመጣውም ነዳጅ ለቅቆ፣ መሪ አዙሮ፣ መልሶ በመርገጥ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም። ፍሬን እየቆነጠሩ በሚነዳበት ጌም ግን ይሰማችኋል።

መሪ ለመግዛት ካሰባችሁ ከጌሙ በፊት መሪው ከኮንሶሉ ጋር ይግባባ እንደሆነ አረጋግጡ። ሎጊቴክ ጂ29 ለፕሌይስቴሽንና ለኮምፒውተር ነው፣ ኤክስቦክስ አያውቀውም። ጂ920 ደግሞ ለኤክስቦክስና ለኮምፒውተር ነው። ኮንሶሉ መሪውን ቢቀበልም ጌሙ ላይቀበለው ይችላል፤ የጌሙ ገጽ ላይ የሚደገፉ መሪዎች ዝርዝር ከሌለ የለም ብላችሁ ያዙት።

መኪናው ዘግይቶ ይታዘዛል ከተባለ ጌሙን ከመውቀሳችሁ በፊት ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አለመሆኑን አረጋግጡ። ጌም ሞድ የሚለውን አብሩ፣ ስዕል የሚያለሰልሱ ሴቲንጎችን ሁሉ አጥፉ። ከዚያ ስልካችሁን በሰከንድ 240 ስዕል በሚቀዳ ስሎው ሞሽን አድርጋችሁ አውራ ጣታችሁንና ስክሪኑን አንድ ላይ ቅረጹ። ጣቱ ቁልፉን ከተጫነበት እስከ ስክሪኑ ለውጥ ድረስ ያሉትን ስዕሎች ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ 4 ሚሊሰከንድ ከትንሽ ነው፣ 24 ስዕል 100 ሚሊሰከንድ ይሆናል። መጀመሪያ ሜኑ ላይ፣ ቀጥሎ መኪናው ላይ አድርጉት። ሜኑው ፈጣን ሆኖ መኪናው ብቻ ከዘገየ ነገሩ የጌሙ ነው። 100 አካባቢ ድረስ እጅ ይለምዳል፤ 150 ካለፈ ለአርኬድ ውድድር አይሆንም ባይ ነን። መሃል ላይ መሪው የሞተ ከመሰለ ሴቲንግ ውስጥ ዴድ ዞን የሚለውን ወደ 5 በመቶ አውርዱ። አናሎጉ (የጆይስቲኩ በአውራ ጣት የሚዞር ዘንግ) አርጅቶ መኪናው ብቻውን ወደ አንድ ጎን የሚጎተት ከሆነ ግን መልሳችሁ ወደ 10 ከፍ አድርጉት።

ስንት መንገድ አለው?

አርኬድ የተሠራው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሳንቲም እንዲበላ ነው። ዴይቶና ሦስት መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ዙሩም 8፣ 4 እና 2 ነው። የመጀመሪያው ሪጅ ሬሰር በመሠረቱ አንድ መንገድ ሆኖ በየደረጃው ይረዝማል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ ግን የሙሉ አዲስ ጌም ዋጋ ከተጠየቀበት ለቤት ምን እንደተጨመረ ጠይቁ፤ የሰዓት ውድድር፣ ስክሪን መክፈል፣ ኦንላይን። ኦንላይን የሚል ቃል ካላያችሁ የለም።

ደግነቱ ዛሬ ነገሩ የተገለበጠባቸው አሉ። ቨርቹዋ ሬሲንግ አርኬድ ላይ 30 ፍሬም ነበር፣ በ2019 ለስዊች የወጣው ግን 60 ነው። የመጀመሪያው ሪጅ ሬሰርም በጁን 2025 በአርኬድ አርካይቭስ 2 ስም ከነአርኬዱ ማንነቱ ወጥቷል፤ የፕሌይስቴሽኑን የተቀነሰ ቅጂ ሳይሆን ማሽኑ ላይ የነበረውን ነው የምትጫወቱት። እንዲህ ባለው ላይ መጠራጠር ያለባችሁ መሪውንና ቴሌቪዥኑን ብቻ ነው።

መቸኮል የሚያዋጣበት አንድ ምክንያት አለ፣ እሱም የመኪና ብራንድ ፈቃድ ነው። በ2009 የወጣው አውትራን ኦንላይን አርኬድ የፌራሪ ፈቃድ ሲያበቃ ከዲጂታል መደብሮች ተነሳ፤ ዲስክ ስላልነበረው ዛሬ አዲስ ገዢ አያገኘውም። ስለዚህ በዲጂታል ብቻ የሚሸጥ፣ የታወቁ መኪኖች ያሉበት ጌም ከሆነ ፈተናውን ካለፈ አታቆዩት። መደብሩም ገንዘብ ይመልሳል ብላችሁ አትተማመኑ። የኮምፒውተር ጌም መደብሩ ስቲም በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ይመልሳል፤ ፕሌይስቴሽን ዳውንሎድ ከጀመራችሁ በኋላ በተለመደው ደንብ አይመልስም፤ ኒንቴንዶ ዲጂታል ሽያጩን እንደማይመለስ ነው የሚቆጥረው።

የድሮውን ኮንሶል ራሱን ፈልጋችሁ ከሆነ ሁለት ነገር። አውሮፓ ያላችሁ፣ በዚያ ዘመን ለአውሮፓ ገበያ ከወጡት ዲስኮች ብዙዎቹ በ50 ኸርዝ ስለሚሄዱ ከጃፓኑና ከአሜሪካው በ17 በመቶ ያህል ይዘገያሉ፣ ከላይና ከታችም ጥቁር መስመር ይይዛሉ። ለውድድር ጌም የጃፓኑ ወይም የአሜሪካው ይሻላል፤ ነገር ግን እነዚያ በአውሮፓ ኮንሶል ላይ እንዲሁ አይነሱም። ኢትዮጵያ ያላችሁ ደግሞ ዘመድ ከአሜሪካ ሳተርን ወይም የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ካመጣላችሁ በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰኩት። የሚፈልገው 110 አካባቢ ነው፣ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ 100 ዋት ትራንስፎርመር ይበቃዋል፤ የአዳዲሶቹ ኮንሶሎች አዳፕተር ላይ ግን ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል።