ቤተሰባችሁ ብዙ ነው? ካምፐር ከመግዛታችሁ በፊት ቀበቶውን ቁጠሩ

ለብዙ ሰው የሚሆን ካምፐር ወይም ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና፣ ስትፈልጉ ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው «ስድስት ሰው ያስተኛል» የሚለው ነው። እሱን ለጊዜው ተዉት። ስድስት ሰው ያስተኛል ማለት ስድስት ሰው ይጭናል ማለት አይደለም። አልጋ ሌላ፣ መቀመጫ ሌላ። ስድስት አልጋ ኖሮት ቀበቶ ያለው መቀመጫው አራት ብቻ የሆነ ሞተርሆም በሽ ነው። የቀሩት ሁለት ልጆች የት ሊቀመጡ ነው? አልጋ ላይ አስተኝቶ መንዳት ወይም አንዱን ታቅፎ መሄድ ፈጽሞ አይሞከርም። በከተማ ፍጥነት እንኳ ግጭት ቢፈጠር ያልታሰረን ልጅ በእጅ ይዞ ማስቀረት የሚችል ሰው የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚቆጠረው ቀበቶ ነው። ቁጥሩን ደግሞ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከሊብሬው ላይ አንብቡት። መኪናው ስንት ሰው እንዲጭን እንደተፈቀደለት እዚያ ላይ አለ። ከዚያ ውስጥ ገብታችሁ መቀመጫዎቹን አንድ በአንድ እዩ።

ከጋቢናው ኋላ፣ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ያለውን አግዳሚ ወንበር ትራሱን አንሱና ከሥሩ ተመልከቱ። ቀበቶው መታሰር ያለበት ከመኪናው አካል ጋር በብሎን በተያያዘ ወፍራም የብረት ፍሬም ላይ ነው። ብሎኑ ኮምፔርሳቶ ወይም ቀጭን እንጨት ላይ ብቻ ከሆነ የተያዘው፣ ያ ቀበቶ ለስሙ ነው የተሰቀለው። አመስግናችሁ ውጡ፣ ሌላ መኪና ፈልጉ። በተለይ ሰው እቤቱ ከጭነት መኪና የለወጠውን ካምፐር ስታዩ ይህንን ሳታረጋግጡ ስለ ዋጋ ወሬ አትጀምሩ።

የቀበቶው ዓይነትም ወሳኝ ነው። ወገብ ላይ ብቻ የሚያልፍ አለ፣ ወገብንም ትከሻንም የሚይዝ ባለ ሦስት ነጥብ አለ። ለልጆች የምትፈልጉት ባለ ሦስት ነጥቡን ነው፤ የልጅ መቀመጫ አብዛኛው የሚታሰረው በእሱ ነው፣ ከፍ ብለው የሚቀመጡበት ማስቀመጫ ደግሞ ያለ ትከሻ ቀበቶ ጥቅም የለውም። ወንበሩ ወደየት እንደሚያይም እዩ። አብዛኛው የልጅ መቀመጫ የሚገጠመው ወደ ፊት በሚያይ ወንበር ላይ ነው። ወደ ጎን የሚያይ ወንበር ላይ ልጅ አስቀምጣችሁ አትንዱ፣ ቀበቶ ቢኖረውም። አይሶፊክስ የሚባለው፣ የልጅ መቀመጫን ያለ ቀበቶ ከመኪናው አካል ጋር የሚያጣብቀው ማያያዣ ካለ ጥሩ፤ ሲኖር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው። የልጆቻችሁን መቀመጫዎች ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ግጠሟቸው። በወረቀት ላይ ለሦስት ሰው የተባለ ወንበር ሦስት የልጅ መቀመጫ ጎን ለጎን ላይችል ይችላል፣ ይህ ደግሞ የሚታወቀው ሲሞከር ብቻ ነው።

እሺ፣ ቀበቶው በቃ። የትኛው ዓይነት ይሻላል? ቫኑን ራሱን ውስጡን የቀየሩት ካምፐር ለመንዳት ይቀላል፣ ጠባብ መንገድም ይገባል፣ ግን ለሁለት ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ትንንሽ ልጆች ላላቸው ነው የሚመቸው። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ በእኔ እይታ ዓይናችሁን መጣል ያለባችሁ ከጋቢናው በላይ አልጋ የተሠራለት ሞተርሆም ላይ ነው፤ ግንባሩ ወደ ፊት ያበጠው ማለቴ ነው። ውበት የለውም፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል። ግን ያ ከላይ ያለው አልጋ ሁልጊዜ የተነጠፈ ነው፣ ከታች ያለውን ቦታ አይነካም፣ ልጆችም ይወዱታል። ከኋላ ደግሞ ተደራራቢ አልጋ ካለው ለብዙ ልጅ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም። ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነው ትልቁ ዓይነት ሰፊና ምቹ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለሁለት ትልልቅ ሰዎች ታስቦ ስለሆነ ቀበቶ ያላቸው መቀመጫዎች ጥቂት ናቸው።

ሰው ቶሎ የማያስበው ሌላ መንገድም አለ። ሰባት ወይም ዘጠኝ ሰው የሚጭን መኪና ካላችሁ ተጎታች ካራቫን አስቡበት። ልጆቹ በደንብ በተሠራ የመኪና ወንበር ላይ ታስረው ይጓዛሉ፣ ካራቫኑ የሚያስፈልገው ለመኝታና ለማብሰያ ብቻ ይሆናል። ባለ ሦስት ፎቅ የልጆች አልጋ ያላቸው ካራቫኖች አሉ። የሚጠገን ሞተር የላቸውም። ስትደርሱ ፈታችሁ ታቆሙትና በመኪናው ዳቦ ለመግዛትም ሐኪም ቤት ለመሄድም ትንቀሳቀሳላችሁ፤ ሞተርሆም ያለው ሰው ግን ለአንድ ሊትር ወተት ቤቱን ጠቅልሎ ይነሳል። ጉዳቱ ወደ ኋላ ማሽከርከሩ ልምምድ መጠየቁና መኪናችሁ ምን ያህል ኪሎ እንዲጎትት እንደተፈቀደለት ማወቅ ግዴታ መሆኑ ነው። እየተጎተተ ባለ ካራቫን ውስጥ ሰው አይቀመጥም። በየቀኑ ቦታ የምትቀይሩ ከሆነ ሞተርሆም፣ አንድ ቦታ ሰንበት የምትሉ ከሆነ ካራቫን ብዬ ነው የምመክረው።

አሁን ወደ ክብደት እንምጣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብላችሁ አንብቡት። እያንዳንዱ መኪና ከነጭነቱ ሊኖረው የሚችል ከፍተኛ ክብደት አለው። በአውሮፓ አብዛኛው ሞተርሆም 3,500 ኪሎ ላይ ነው የሚመዘገበው፣ ምክንያቱም ቢ የሚባለው ተራ መንጃ ፈቃድ ለረጅም ጊዜ የተወሰነው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 7,500 ኪሎ ሲ1 የሚባለውን ከፍ ያለ መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። በምትኖሩበት አገር መንጃ ፈቃዳችሁ እስከ ስንት ኪሎ እንደሚፈቅድ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

እስቲ አብረን እናስላ። መኪናው የተፈቀደለት 3,500 ኪሎ ነው፣ ነዳጁንና ሾፌሩን ጨምሮ ለመንገድ ዝግጁ ሲሆን ደግሞ 3,050 ኪሎ ነው እንበል። የቀራችሁ 450 ኪሎ ነው። ብዙ ይመስላል። ሁለተኛዋ ትልቅ ሰው 70 ኪሎ። አምስት ልጆች በአማካይ 35 ኪሎ ቢሆኑ 175። ቀረ 205። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ 100 ሊትር ታንከር ሲሞላ ቀረ 105። ጎን ላይ የሚዘረጋው የጥላ ሸራ 30 ኪሎ ገደማ፤ ቀረ 75። ገና ልብስ፣ ምግብ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ብስክሌት አልጫናችሁም። የሰባት ሰው ዕቃ በ75 ኪሎ አይጠናቀቅም።

ትርፍ ጭነት ደግሞ ቅጣት ብቻ አይደለም። ጎማው ይግላል፣ ይፈነዳል። ፍሬኑ ቶሎ አይዝም። አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱ ጥያቄ ያነሳል። ሻጩ የሚነግራችሁ ቁጥር ፋብሪካው ባዶውን የመዘነው ሊሆን ይችላል፤ በኋላ የተገጠመው ሶላር፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ የብስክሌት ማንጠልጠያ ሁሉ ከእናንተ ድርሻ ላይ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ ግዢው ከመጠናቀቁ በፊት መኪናውን ሚዛን ላይ አስወጡት፣ የፊትና የኋላውን አክስል ለየብቻ ጭምር። የኋላው ጫፉ ረጅም የሆነ ሞተርሆም ላይ ብስክሌቶችን ከኋላ ስትሰቅሉ የኋላው አክስል ከልኩ ያልፋል፣ ፊቱ ደግሞ ይቀላል፣ መሪው ይሳሳል። ለትልቅ ቤተሰብ ከ3,500 ኪሎ በላይ የተመዘገበ መኪና፣ መንጃ ፈቃዱ ካላችሁ ወይም ማውጣት ከቻላችሁ፣ ብዙ ጭንቀት ይቀንስላችኋል።

አልጋ ላይ የምሰጣችሁ ምክር አንድ ነው፤ ሁላችሁም ተኙበት። እውነቴን ነው፣ ጫማ አውልቃችሁ ቤተሰቡ በሙሉ እየተዘረጋ ይሞክር። ተደራራቢ አልጋ ስፋቱ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ብዙ ነው፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ይበቃል፣ ትከሻው ለሰፋ ጎረምሳ ግን ይጠበዋል። የሚችለው ክብደትም ገደብ አለው፣ ብዙ ጊዜ አልጋው ጎን ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ልጆች እንደሚያድጉ አስቡ፤ ዛሬ የሚበቃቸው አልጋ ከአራት ዓመት በኋላ እግራቸውን ያሳጥፋቸዋል። ከስድስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ አታስተኙ፣ ለትልቆቹም ቢሆን የመውደቂያ መከላከያ መረብ ወይም ሰሌዳ ይኑረው።

ጠረጴዛው ዝቅ ብሎ አልጋ የሚሆንበት አሠራር አለ። ለአንድ ሁለት ሌሊት ምንም አይልም። በየቀኑ ግን፣ እራት ተበልቶ ዕቃ ሳይነሳ አልጋ አይነጠፍም፣ አልጋው ሳይነሳ ቁርስ አይቀርብም፣ ትንሹ ልጅ ቀድሞ እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ የሚተኛበት ቦታ ላይ ሌሎቹ ገና እየበሉ ናቸው። በተቻለ መጠን ለእያንዳንዱ ልጅ ሁልጊዜ የተነጠፈ አልጋ ያለው ፈልጉ። ሌሊት ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ማንን ረግጦ እንደሚያልፍም እዩ፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች እንጂ የሁሉንም እንቅልፍ የምትወስን እሷ ነች። ትልልቆቹ ልጆች ፈቃደኛ ከሆኑ ከመኪናው ጎን ድንኳን ተክሎ ማስተኛት ሁለት አልጋ ያተርፋል፣ እነሱም ነፃነቱን ይወዱታል።

ውኃና ሽንት ቤት። ሰባት ሰው በአሥር በአሥር ሊትር ብቻ ቢታጠብ 70 ሊትር ሄደ ማለት ነው፣ ማብሰያና ዕቃ ማጠቢያ ሳይቆጠር። የሙቅ ውኃ ማሞቂያው ብዙ ጊዜ አሥር ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ተራ ይጠበቃል። የሽንት ቤቱ ካሴት፣ ማለትም ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ተነቃይ ታንከር፣ ብዙ ጊዜ 20 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፤ ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞላል። ሁለተኛ ካሴት ግዙ። ካሴቱ እንዴት እንደሚወጣና የት እንደሚደፋ ሻጩ እያሳያችሁ እናንተም በእጃችሁ አውጥታችሁ መልሱት።

ጋዝ ያለበት ሁሉ የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ይኑረው። ፕሮፔንም ቡቴንም ከአየር ስለሚከብዱ ወለል ላይ ይተኛሉ፤ የጋዙ ደወል ከታች የሚገጠመው ለዚህ ነው። ብርድ ባለበት የምትጓዙ ከሆነ ፕሮፔን ያዙ፣ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በደንብ አይተንም። ስለ ፍሪጅ፣ ስለ ሶላር፣ ስለ ቴሌቪዥን ብዙ አልልም፤ እነሱ በኋላም ይቀየራሉ። ፍሪጁ ለሰባት ሰው የሁለት ቀን ምግብ ከያዘ በቂ ነው።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ትልቁ ጠላት ሞተሩ ሳይሆን እርጥበት ነው። ከጣሪያው መጋጠሚያ ወይም ከመስኮት ዙሪያ የገባ ውኃ በግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት ከውስጥ ያበሰብሰዋል፣ ከውጭ ግን ሁሉም ነገር ያምራል። ከጋቢናው በላይ ያለው አልጋ ላይ ውጡ፣ ፍራሹን ገልብጡ፣ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣት ጫን ጫን በሉ። ግድግዳው ጠንካራ ሆኖ መልሶ የሚገፋችሁ ከሆነ ደህና ነው። ገባ ካለ፣ ወይም የግድግዳው ወረቀት ከተኮማተረ፣ ወይም ቡናማ የውኃ መስመር ካለ፣ አትግዙ። የቁም ሳጥኖቹን ውስጥ አሽትቱ፤ መኪናው በአዲስ ሽቶ የታጠነ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ማስመጣት ከጥገናው ወጪ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። እንዲህ ዓይነት ዝናብ የገባበት ግድግዳ ማደስ ከሞተር ሥራ ሊበልጥ ይችላል።

ጎማውን በጥርሱ ብቻ አትመኑት። ሞተርሆም ቆሞ ስለሚውል ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ከዲ ኦ ቲ (DOT) ምልክቱ ጋር የተጻፈውን መጨረሻ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፈልጉ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የሞተሩ ዋና ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ይታይ፤ እሱም በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይቀየራል። ማሞቂያው፣ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ የውኃ ፓምፑ ሁሉ እናንተ ባላችሁበት ይነሳ። «ይሠራል፣ ጋዙ አልቆ ነው» ከተባላችሁ ጋዝ ይዛችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ።

ከሁሉ በፊት ግን ለመግዛት ያሰባችሁትን ዓይነት ለጥቂት ቀን ተከራዩት፣ ዝናብ በሚጠበቅበት ወቅት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ ልጆች ውጭ ሲጫወቱ ሁሉም መኪና ሰፊ ነው። ሁላችሁም ሂዱ፣ አንድም ሰው አይቅር፣ ለእውነተኛ ጉዞ የምትይዙትን ዕቃ በሙሉ ጫኑ። የሚነሳውንና የሚነጠፈውን፣ ጫማ የሚቀመጥበትን፣ እርጥብ ልብስ የሚሰቀልበትን ቦታ ልብ በሉ። ስትመለሱ ደግሞ ምንም ዕቃ ሳታወርዱ፣ ሰዎቹም እንደተቀመጡ፣ ሚዛን ላይ አቁሙት። ከዚያ ቁጥር ላይ መኪናው ለመንገድ ዝግጁ ሆኖ ሾፌሩን ብቻ ሲይዝ የሚመዝነውን ቀንሱ። የሚቀረው የእናንተ ቤተሰብ ከነዕቃው ስንት ኪሎ እንደሆነ ነው፤ የምትገዙት መኪናም ቢያንስ ያንን መሸከም አለበት።