የዘይት መብራት ሲበራ፦ ስዊቹን ከመቀየርዎ በፊት

በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ቀይ የዘይት ምልክት የዘይቱን መጠን አትለካም፤ የምትናገረው ስለ ግፊቱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዘይት ጨምሮ መንገዱን ይቀጥላል። ሽቦውን ነቅሎ መብራቷን የሚያጠፋም አለ፤ ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። በጥቂት ብር የሚገዛ ዕቃ፣ ማለትም ሞተሩ ላይ ታስሮ መብራቷን የሚያበራና የሚያጠፋው የዘይት ግፊት ስዊች፣ የሰጠውን ማስጠንቀቂያ አፍኖ ሙሉ ሞተር ማቃጠል ነውና።

የተለመደው ባለአንድ ሽቦ ስዊች አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲቆም ውስጡ ያሉት መገናኛዎች ተነካክተው ሽቦውን ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኛሉ፤ ቁልፉ ሲከፈት መብራቷ ትበራለች። ሞተሩ ተነስቶ ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ሲደርስ ዘይቱ ገፍቶ ያለያያቸዋል፤ ትጠፋለች።

ሞተሩ እየሠራ ከበራች፦ ወዲያው ያጥፉት። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ይዩ። ከጎደለ ይሙሉ፤ የት እንደሄደም ይፈልጉ። ካልጎደለ የስዊቹን ሽቦ ይንቀሉና ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። መብራቷ አሁንም ከበራች ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት እየነካ ነው፤ ስዊች መግዛት አያስፈልግዎትም። ከጠፋች ግን ወይ ስዊቹ ተበላሽቷል፣ ወይ ግፊቱ በእርግጥ ወርዷል።

እነዚህን ሁለቱን የሚለየው የግፊት ጌጅ (መለኪያ) ነው፤ ይህን ደረጃ እባክዎ አይዝለሉት። ስዊቹ ተፈትቶ ጌጁ በቦታው ይታሰራል። ለምሳሌ በቶዮታ ኮሮላ ፎር ኤ ኤፍ ኢ ሞተር ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ ነዳጅ ሳይሰጡት ግፊቱ ከ0.3 ባር በታች መውረድ የለበትም፤ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ደግሞ ከ2.5 እስከ 4.9 ባር ይሆናል። ጌጁ ከዚህ በታች ካሳየ የዘይቱ ፖምፓ ደክሟል፣ መምጠጫው ወንፊት ተደፍኗል፣ ወይም የሞተሩ ውስጥ ብሮንዚኖች (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ስስ የብረት ቅርፊቶች) ተበልተዋል። በተለይ ሞተሩ ሲሞቅና ዙሩ ሲወርድ ብቻ ብልጭ የምትል መብራት ይህንን ትጠቁማለች። አዲስ ስዊች አያድነውም፤ ሞተሩን ሳያስነሱ መካኒክ ይጥሩ።

ቁልፉ ተከፍቶ ጨርሶ ካልበራች፦ ሽቦውን ነቅለው ጫፉን የሞተሩን ብረት ያስነኩ። ከበራች ስዊቹ ሞቷል፤ ካልበራች አምፖሉን ወይም ሽቦውን ይመርምሩ።

ዘይት ካንጠባጠበ፦ የሽቦውን መሰኪያ ነቅለው ውስጡን ይመልከቱ። ዘይት ካለበት ስዊቹ ከውስጥ ተቀዷል፤ መቀየር አለበት። ሳይነቅሉ አይተው የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በከንቱ የሚቀይሩ ብዙዎች ናቸው።

ስዊቹን ሲቀይሩ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ስዊቹ አብዛኛውን ጊዜ ከዘይት ፊልትሮው አጠገብ ይገኛል። አካባቢውን በጨርቅ ይጥረጉ፣ ከሥሩ ዕቃ ያስቀምጡ። በብዙ ቶዮታዎች ባለ24 ሚሊ ሜትር ረጅም ቡሶላ (ብሎኑን ከላይ የሚያጠልቅ ክብ ቁልፍ) ይፈታዋል።

አዲሱን ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፣ ጥርሱንም (የሚጠመዘዝበትን ክፍል) ያስተያዩ። በብዙ የጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው ጥርስ ባለ1/8 ኢንች ሾጣጣ ነው፤ ባለ10 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ በመልክ እጅግ ይመስለዋል። የተሳሳተው በእጅ ትንሽ ይገባና ይይዛል፤ በዚያ ላይ በቁልፍ ካስገደዱት የሞተሩን ጥርስ ይቆርጣል። በእጅ ብቻ ሦስት አራት ዙር ያለ ትግል መግባት አለበት።

ሾጣጣ ጥርስ ላይ የመጀመሪያዎቹን ጥርሶች ትተው ትንሽ ፈሳሽ ማሸጊያ ይቀቡ። ቴፍሎን (የሚጠመጠመውን ነጭ የማሸጊያ ቴፕ) አልመክርም፤ ብጣሹ ወደ ዘይት መስመር ሊገባ ይችላል፣ ብዙ ከተጠመጠመም ስዊቹ ከብረቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ያውካል። የማጥበቂያው ኃይል በብዙ ቶዮታዎች 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም በመጠኑ ብቻ።

ሽቦውን ሰክተው ባትሪውን ያስሩና ያስነሱ። መብራቷ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለባት፤ ካልጠፋች ወዲያው ያጥፉ። አሥር ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ በባትሪ መብራት ዙሪያውን ይዩ፣ ሲቀዘቅዝ የፈሰሰውን ዘይት ይተኩ፣ በማግስቱም ጠዋት መኪናው ከቆመበት ሥር መሬቱን ይመልከቱ።